ምዕራፍ ስድስት፦ ቀኑ ያልተቆረጠ ድግስ

ባለፈው ምዕራፍ የዘርን እንቅልፍ አይተናል። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ የግራር ዘር ውሃ ሳያስገባ ዓመታት ይቆያል፤ የፈላ ውሃ ሲያገኘው ግን ሽፋኑ ላልቶ በቀናት ውስጥ ይነቃል። የዝግባ ዘርም ቅርፊቱ ካልተሰበረለት ለረጅም ጊዜ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። የተኛ ዘር ታጋሽ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ይቆያል። (እንደ ኮሶ ያሉ ትዕግሥታቸው ቶሎ የሚያልቅ መኖራቸውን አልዘነጋሁም።)

ይህ ምዕራፍ የሚጀምረው ዘሩ ከነቃ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መቆየት የሚባል ነገር የለም። ስሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ፣ በየቀኑ። ገዢ ተገኘም አልተገኘም፣ ዝናቡ መጣም ቀረም፣ ችግኙ ያድጋል። የጅምላ ችግኝ ጣቢያ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። አላፊ አግዳሚ ሲያየው ሥራው አፈርና ውሃ ብቻ ይመስለዋል፤ ጎማ ይዞ የሚያጠጣ ሰው፣ ተቀምጠው ከረጢት የሚሞሉ ሴቶች፣ ጥላ የተሠራላቸው መደቦች። ባለቤቱን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ግን አፈሩም ውሃውም አይደለም፤ ቀን ነው። ብዙ ሺህ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እያደጉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልክ ደርሰው፣ ሳያንሱም ሳያልፉም ከግቢው መውጣት አለባቸው።

ከሠርጉ ወደ ኋላ መቁጠር

ይህን ሥራ ለመረዳት የእርሻ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ድግስ የደገሰ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል።

ለእሑድ ሠርግ የተጠራች ባለሙያ አሳቧን የምትጀምረው ከእሑድ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ወጡ ቅዳሜ ሌሊት ይሠራል። እንጀራው ዓርብና ቅዳሜ ይጋገራል፤ እንግዲህ ሊጡ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መቦካት አለበት። ጠላው ከዚያ አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ ጠጁም ሳምንታቱን ይፈልጋል። በርበሬው ደግሞ ፀሐይ ሳለ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ ካለቀ ቆይቷል። አንዱ ቀናት ይበቃዋል፣ ሌላው ወር ይፈልጋል። ሁሉም ግን እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ገበታ ላይ መገናኘት አለባቸው። ጠላው ገና ጉሽ ሆኖ እንግዳ ቢመጣ ወይም ሊጡ ቀድሞ ኮምጥጦ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የእሑድ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት የተሠራ ነው።

የችግኝ ጣቢያ ሠርግ ክረምት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አውሮፓ ውስጥ የችግኝ ነጋዴ የሚሯሯጠው በረዶው ቀልጦ አፈሩ መሞቅ ሲጀምር ነው፤ እኛ ዘንድ ግርግሩ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዶፍ መሬቱን ላዩን ብቻ ስለሚያርሰው ባለሙያ ወዲያው አይተክልም፤ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ከዚያም በላይ እስኪዘልቅ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ደግሞ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም አዲሱ ተክል ስሩን ከከረጢቱ አፈር አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን መሬት ይዞ መገኘት አለበት። በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ለዚህ ሁለት ወር ተኩል ያህል አለው። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ጥቂት ሳምንት ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ይቀበለዋል።

ስለዚህ ከሐምሌ ወደ ኋላ እንቁጠር። ባሕር ዛፍ ፈጣን ነው፤ አራት አምስት ወር ይበቃዋል። ጥር ወይም የካቲት ላይ ዘሩ መደብ ውስጥ ከገባ ለክረምት ይደርሳል። ግራቪሊያ ከእርሱ ቀደም ብሎ መዘራት አለበት። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ ዓመት የሚሞላቸው፣ አንዳንዴም የሚያልፋቸው ናቸው። የዘንድሮ ክረምት ዝግባ የተዘራው አምና ክረምት ወይም ከዚያ በፊት ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሚሰማው ንግግርም ይኸው ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለባለ ጣቢያዋ ስልክ ይደውላል፦

«እናቴ፣ ለሐምሌ አምስት ሺህ ዝግባ አገኛለሁ?»

«ልጄ፣ ይህንን አምና ነበር መጠየቅ።»

ገዢው ገንዘብ የጎደለ ይመስለውና ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ መጨመሩ ከሌላ ጣቢያ ጥቂት ያስመጣለት ይሆናል፤ ያልተዘራ ዝግባ ግን በገንዘብ አይበቅልም።

ፈጣኑ ለምን ያሸንፋል

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ከተማችን የምትለብሰውን ዛፍ የመረጠላት ከማንም በላይ ይህ የቀን ቆጠራ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ብዙም ሳትቆይ እንጨት አለቀባት። ዙሪያዋን የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ከከተማዋ እየራቀ ሄደ። ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ፊታቸውን ወደ አዲስ ዓለም አዙረው እንደነበር ይታወቃል። ባሕር ዛፍ ወደ አገሩ የገባው በ1880ዎቹ ነው፤ በዚህ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው። ከተማዋም ባለችበት ቀረች።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው የዛፉ ዕድገት ነው፤ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡ፣ በጥቂት ዓመት ለማገዶ መድረሱ። ትክክል ነው። ነገር ግን ዛፍ ከመሆኑ በፊት ችግኝ ነበር፤ በችግኝነቱም አገር በቀሎቹን በሁለት መንገድ ይበልጣቸዋል። አንደኛው ዘሩ ነው። አንድ ኪሎ የቀይ ባሕር ዛፍ ዘር ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ አለ፤ አንድ ኪሎ የዝግባ ዘር ውስጥ ያለው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። በኪስ የሚያዝ ዘር አንድ ተራራ ይሸፍናል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ደግሞ አሁን ያየነው የቀን ጉዳይ ነው። ጥር ላይ ያሰበ ሰው ሐምሌ ላይ ይተክላል። አሳቡና ተከላው ዓመት ሳይሞላ ይገጥማሉ። ዝግባ የሚተክል ሰው ግን ለሚመጣው ዓመት ዛሬ ቀብድ የሚከፍል ገዢ ወይም ገዢ ባይኖርም የሚዘራ ልበ ሙሉ ባለ ጣቢያ ያስፈልገዋል።

አሁንም ችግሩ አልተፈታም። የመሥሪያ ቤቶች በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ አዲሱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን፣ ተከላው ዓይኑን በገለጠበት ሰዓት ነው። ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ፊርማ ተፈርሞ፣ ግዢው እስኪፈጸም ክረምቱ ይጋመሳል። በዚህ አካሄድ መግዛት የሚቻለው በዚያች ቀን በዚያች ቦታ ደርሶ የተገኘውን ብቻ ነው። የተገኘው ደግሞ ፈጣኑ ነው። አገር በቀል ዛፍ ይተከል የሚለው ጥሪ በየዓመቱ ይሰማል፤ ጥሪው ግን ግንቦት ላይ ሳይሆን ከዓመት በፊት፣ ከቀብድ ጋር ቢመጣ ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

የማይተኛ ሸቀጥ

እንግዲህ ድግሱና ችግኙ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ደረስን። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ፣ መጥሪያ ታትሟል። ክረምት ግን ቀን አይቆርጥም። አንድ ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ይዘንባል፤ ሌላ ዓመት ሐምሌ እስኪገባ ሰማዩ ይጠራል። ባለ ጣቢያው በጥር ወር ሲዘራ የደገሰው፣ ቀኑ በሁለትና በሦስት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ሊል ለሚችል ሠርግ ነው።

ብርድ ባለበት አገር ያሉ ነጋዴዎች ለዚህ ችግር መላ አላቸው፤ መላውም ያለፈው ምዕራፍ ርእስ የነበረው እንቅልፍ ነው። በዚያ አገር ዛፍ ራሱ፣ ዘሩ ብቻ ሳይሆን፣ የብርዱን ወራት ይተኛል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዕድገቱ ይቆማል። በተኛበት ይነቅሉታል፤ አፈሩን ከስሩ አራግፈው፣ እንደ ችቦ አስረው፣ ከዜሮ ብዙም በማይርቅ ቅዝቃዜ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጡታል። ገዢው ሲመጣ ያወጡለታል። ሸቀጡ መደርደሪያ ላይ መቆየት ይችላል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ አይሆንም። ዝግባም ወይራም ባሕር ዛፍም ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አይለያቸውም፤ ከአፈር የተለየ ስራቸው በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ የእኛ ነጋዴ ችግኙን ከነአፈሩ ይሸጣል፤ አፈሩም ከረጢት ይፈልጋል። ችግኙን ማስተኛት ስለማይቻል የቀረው ዘዴ ማዘግየት ነው። ባለሙያ የሚባለው ይህን ማዘግየት የሚያውቅ ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ የቦታ ከፍታ ነው። ሊጥ በቆላ ቶሎ ይቦካል፣ በደጋ ይዘገያል። ችግኝም እንዲሁ። ወደ ላይ መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ በሚበልጥ መጠን ይቀዘቅዛል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ዝቅ ያለ ቦታ ጣቢያ ያለው ነጋዴ ዘግይቶ ዘርቶ ሊደርስ ይችላል። ዋጋውን ግን በኋላ ይከፍላል፤ በሙቀት ያደገ ለስላሳ ችግኝ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲቀምስ ይደነግጣል። ከመተከሉ በፊት ጥቂት ሳምንት ደጋ ላይ ማረፍ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መሣሪያ መቀስ ነው። በአገራችን የሚሠራበት የችግኝ ከረጢት ብዙ ጊዜ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ስሩ ታች ሲደርስ ከቱቦው ወጥቶ ወደ መደቡ መሬት ይገባል። ካልተነካ እዚያው ቤቱን ይሠራል። ያኔ ችግኙ ለዓይን ያምራል፤ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ቁመቱ ይመዘዛል። በሚጫንበት ቀን ግን ያ ሁሉ ስር በአንድ ጊዜ ይበጠሳል፤ የቀረው ስርም ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በየጥቂት ሳምንቱ ከረጢቱን ያነሳሉ ወይም በሥሩ ሽቦ ይስባሉ፤ የወጣውን ይቆርጣሉ። የተቆረጠው ስር በከረጢቱ ውስጥ ይበዛል፣ ዕድገቱም ለጊዜው ገታ ይላል። ይህ የሚደረገው ጠዋት ወይም ማታ፣ ችግኙ ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ ፀሐይ በማይከርርበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ማለማመድ ነው። ከተከላው በፊት ባሉት አራት ስድስት ሳምንታት ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣል፤ በየቀኑ ይጠጣ የነበረው በሁለት ቀን፣ በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል። ቅጠሉ ይወፍራል፣ ግንዱ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ጣቢያውን የጎበኘ ገዢ ችግኙ ከሳ ብሎ ይነጫነጫል። ባለቤቱ ሲያስረዳ ይውላል።

ዝናቡ እስኪመጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ማስታገስ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግን ስሩ መውጫ ሲያጣ በከረጢቱ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ዙሪያውን እየዞረ ራሱን ያስራል። የኮመጠጠ ሊጥ ውሃው ተደፍቶ፣ አብሲት ተጥሎበት እንጀራ ሊሆን ይችላል። ስሩ የተጠቀለለ ችግኝ ግን ከተተከለም በኋላ ጥቅሉን አይረሳም። ሁለት ሦስት ዓመት ያማረ ዛፍ ሆኖ ይቆምና አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ከነግንዱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ማንም ችግኝ ጣቢያውን አያስታውስም፤ ነፋሱ ይወቀሳል።

ረጅም ጥሩ አይደለም

ከዚህ ተነሥቶ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ መለኪያ አለ፤ ቀላል ስለሆነ ሂሳቡን ላሳያችሁ። የችግኙን ቁመት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ከዚያ አፈሩ ላይ ብቅ ባለበት ቦታ፣ አንገቱ ላይ፣ የግንዱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ለኩ። ቁመቱን ለውፍረቱ አካፍሉ። መልሱ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ችግኙ ጠንካራ ነው ይላሉ የደን ባለሙያዎች። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ አንገቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ችግኝ 6 ያገኛል። ከጎኑ ያለው፣ ቁመቱ 60 የሆነ፣ አንገቱ ግን ያው 5 የሆነ፣ 12 ያገኛል። ገበያ ላይ ዋጋ የሚወጣለት ሁለተኛው ነው። ሜዳ ላይ የሚተርፈው የመጀመሪያው ነው።

ረጅሙ ለምን ረዘመ? አንድም ጥላ በዝቶበት ወይም ተጨናንቆ ብርሃን ፍለጋ ተመዝዞ ነው፤ አንድም ስሩ ሳይቆረጥ መሬት ገብቶ ነው፤ አንድም የአምና ትራፊ ነው። ሦስቱም ለገዢው መጥፎ ዜና ናቸው። ከጎኑ ያሉትን ቅጠሎች ገለጥ አድርጎ ከረጢቱን ማንሳት በቂ ምርመራ ነው፤ መሬቱን ይዞ አልነሳም ካለ ስሩ አልተቆረጠም።

የአፈር ነጋዴ

አሁን ወደ ግርግሩ ቀን እንግባ። በምዕራፍ ሁለት ስለ አፈር ስንነጋገር ክብደቱን አላነሣንም ነበር፤ ቦታው እዚህ ነው።

የተለመደ የችግኝ ከረጢት ሲሞላ ወርዱ 8፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ሦስት አራተኛ ሊትር አፈር ይይዛል፤ ከአካባቢ አፈር፣ ከጫካ አፈር ወይም ብስባሽና ከአሸዋ የተደባለቀ። እርጥብ ሲሆን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሥር ሺህ ችግኝ እንግዲህ አሥር ቶን ነው። ችግኙ ራሱ፣ ግንዱና ቅጠሉ፣ ጥቂት ግራም ነው፤ ነጋዴው የሚያመላልሰው አፈር ነው። ያንን አፈር መጀመሪያ ወደ ግቢው አስመጥቶታል፣ በወንፊት አስነፍቶታል፣ በእጅ አስሞልቶታል። በኋላም በባሬላ ወደ መኪና ያስጭነዋል።

ሰኔ ላይ ጣቢያዎችን የሚያስጨንቃቸው ከክብደቱ ይልቅ ቦታው ነው። አንድ ሜትር ስፋትና አሥር ሜትር ርዝመት ያለው መደብ 1,500 ከረጢት ይይዛል። አይሱዙ አምስት ቶን ይጭናል ቢባልም ከረጢቶቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ አምስት ሺህ ሳይሞሉ ወለሉ ያልቃል። አንዱን በሌላው ላይ መከመር አንገት ይሰብራል። ስለዚህ ወይ ሳጥን ያስፈልጋል፣ ወይ መደርደሪያ፣ ወይ ደጋግሞ መመላለስ። የጅምላ ዋጋ ርካሽ መስሎ ጭነቱ የሚያስወድደው በዚህ ነው።

የሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለበት ተብሎ በመንግሥት ተገልጿል። ስለ ቁጥሩ ብዙ ተከራክረናል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ችግኝ ግማሽ ኪሎ አፈር ብቻ ይዞ ነበር ብንል እንኳ 175 ሺህ ቶን አፈር ማለት ነው፤ በአምስት ቶን መኪና 35 ሺህ ጭነት። ተካዩ የሚያየው ጉድጓዱንና ፎቶውን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከረጢት ሲሞሉ የከረሙትን እጆች ማንም አላየም።

የጭነቱ ሥርዓት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ከመጫኑ በፊት ባለው ማታ ችግኙ በደንብ ይጠጣል፤ ጠዋት ግን አይጠጣም። የማታው ውሃ አፈሩን አያይዞ ያቆየዋል፤ የጠዋቱ ውሃ ጭቃ አድርጎ ያከብደዋል፣ ያፈርሰዋልም። ጭነቱ ሳይነጋ ይጀመራል። ከረጢቱ ይያዛል እንጂ ግንዱ አይያዝም። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚገጥመው ነፋስ ከፀሐይ የባሰ ያደርቃል፤ ስለዚህ ሸራ ይለብሳል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሠራተኛ ሰኔ ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሁሉም ጣቢያ የሚፈልገው እሱኑ ነው፣ የቀን አበሉም ይወጣል። ብዙ ጣቢያዎች ከረጢት ሲሞሉ የከረሙትን ሴቶች እስከ ነሐሴ ላለማጣት የሚጥሩት ለዚህ ነው።

ወሎ ሰፈር ላይ የተለወጠው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሜዳና ለተራራ ተከላ ነው። መሐል ከተማ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ሠርግ መጥቷል።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የመጀመሪያ ዙር ውስጥ ከሜክሲኮ በሳር ቤትና በጎተራ አድርጎ ወሎ ሰፈር የሚደርሰው መስመር አንዱ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ወጣ፣ ዳርና ዳሩ ሣር፣ አበባና ዛፍ ሆነ። ስለ ፈረሱት ቤቶችና ስለ ተነሡት ሰዎች ብዙ የሚባል አለ፤ የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ግን ተክሉ ነው። ለችግኝ ነጋዴ ይህ ሥራ ሦስት ነገር ለወጠበት።

መጀመሪያ፣ ቀኑን። መንገዱ የሚመረቅበት ቀን የሚወሰነው በሲሚንቶውና በንጣፉ ነው፤ ክረምትን አይጠብቅም። ቦቴ ውሃ እያመጣ ስለሚያጠጣ በየካቲትም በሚያዝያም ይተከላል። ድሮ ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ክረምት ይደግስ የነበረ ጣቢያ አሁን ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳም ማዘጋጀት አለበት። ገና ስንጀምር ያነሣነው የክረምት ግርግር አልቀረም፤ ሌሎች ግርግሮች ተጨመሩበት እንጂ።

ቀጥሎ መጠኑን። ለተራራ የሚተከል ችግኝ ከጉልበት በታች ነው። ለወሎ ሰፈር ጎዳና የሚፈለገው ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ በተመረቀበት ቀን ለካሜራ ዛፍ የሚመስል ነው። እንዲህ ያለው በአንድ ክረምት አይደርስም። ከትንሽ ከረጢት ወደ ትልቅ፣ ከትልቁ ወደ ግማሽ በርሜል እየተዛወረ ሁለት ሦስት ዓመት ማደግ ነበረበት። በእያንዳንዱ መዛወር ስሩ ሳይጠመዘዝ ቦታ ያገኛል፤ ግንዱም ከቁመቱ ጋር እኩል ይወፍራል። ያን ያደረገ ጣቢያ ጥሩ ዋጋ አገኘ። ያላደረገው፣ አምና ያልተሸጠለትን በጠባብ ከረጢት የተመዘዘውን ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ጎትቶ አወጣ፤ በእንጨት ደግፎ ተከለው። መንገድ ላይ ስትሄዱ ከተተከለ ቆይቶም ድጋፉ ሲነሣ የሚጎነበስ ዛፍ ካያችሁ አንገቱን እዩ።

ሦስተኛው ገዢው ነው። ጣቢያው ቀድሞ የሚሸጠው ለገበሬ፣ ለማኅበራት፣ መንገድ ዳር በቆርቆሮና በጀሪካን ደርድረው ለሚቸረችሩ ሻጮች ነበር። እነዚህ ገዢዎች ጥቂት ጥቂት እያሉ ይመጣሉ፤ ዋጋ ይከራከራሉ፤ እየመረጡ ይወስዳሉ። አሁን የሚመጣው አንድ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁመት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ይፈልጋል። ችርቻሮ ሻጭ ቁመቱ የተለያየ ችግኝ ቢቀርብለት ግድ የለውም፤ ለተለያየ ኪስ የተለያየ ዋጋ ያወጣለታል። ለጎዳና ግን ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ለማድረግ ደግሞ ከዘሩ ጀምሮ እኩል መዝራት፣ በየጊዜው እየለዩ ትልቁን ከትልቁ ትንሹን ከትንሹ ጋር መደርደር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ትልቁ ትንሹን ጥላ ውስጥ ይጥለዋል፣ ልዩነቱም በየሳምንቱ ይሰፋል።

ላልታወቀ ቀን እንዴት ይደገሳል

የጥንቱም የአሁኑም ነጋዴ ለዚህ ያለው መልስ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ አለመዝራት። ብልህ ጣቢያ የባሕር ዛፉን ዘር በአንድ ቀን አይጨርስም። ጥር መግቢያ ላይ ጥቂት፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጥቂት፣ የካቲት ውስጥ ደግሞ የቀረውን ይዘራል። ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ የመጀመሪያው ዙር ደርሷል። ከዘገየ የመጀመሪያው ቢያልፍበትም ሦስተኛው ልኩ ላይ ይሆናል። አንዱ ዙር ሁልጊዜ ይከስራል፤ ኪሳራው ለኢንሹራንስ የተከፈለ ነው ብሎ መያዝ ይቀላል።

ሌላው ቀብድ ነው። ቀብድ የተያዘበት ችግኝ ባለቤት አለው፤ ዝናቡ ቢዘገይ የሚጨነቁት ሁለት ናቸው። ቀብድ የሌለው ሰኔ ላይ ደላላ እጅ ይወድቃል፤ ደላላው ሰማይ ሲጠቁር ዋጋ ይሰቅላል፣ ነሐሴ ሲጋመስ ይጥላል። በነሐሴ የመጨረሻ ቀናት የጅምላ ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሚጠራው ዋጋ በሐምሌ ከተጠራው ጋር አይገናኝም፤ ገዢው ያኔ የሚገዛው ችግኝ ብቻ ሳይሆን የቀረውን አጭር ዝናብም ጭምር ስለሆነ።

ጳጉሜን ሲገባ የተረፈው ይቆጠራል። ዝግባ፣ ወይራና ጥድ ከሆነ ችግር የለም፤ ወደ ሰፊ ከረጢት ይዛወራል፣ ለሚመጣው ዓመት ወይም ለጎዳና ይቆያል፣ ዋጋውም ያድጋል። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከሆነ ውሳኔው ይመራል። ሰፊ ከረጢት፣ ተጨማሪ አፈርና የአንድ ዓመት ውሃ ለፈጣን ዛፍ ሲወጣበት ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል፤ ጥር ላይ የሚዘራው አዲስ ችግኝ ደግሞ ሐምሌ ላይ ይደርስበታል፣ በጤናም ይበልጠዋል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ነገር መጣል ነው፤ ከረጢቱን ቀዶ አፈሩን ማራገፍ፣ ግንዱን ለብስባሽ ጉድጓዱ መስጠት። ብዙ ባለቤቶች ግን እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ለስድስት ወር ያጠጡትን ነገር መጣል ያሳዝናል፣ ይገባኛል። መደቡን ይዞ የሚቆየው ትራፊ ግን ለዝግባው ዘር የሚሆነውን ቦታ ይነሣል፤ ዝግባው በዚህ ክረምት ካልተዘራ ደግሞ በሚቀጥለው ግንቦት ለሚደውለው ሥራ ተቋራጭ የሚሰጠው መልስ ያው የዘንድሮው ነው።